ጊፋታ፦ ዓመት ሙሉ የሚዘጋጁለት በዓል

በዓል ማክበር ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ዕለቱ ነው፤ ዶሮው፣ በጉ፣ አዲሱ ልብስ። የወላይታን ዘመን መለወጫ ጊፋታን በቅርብ ያየ ግን ዋናው ሥራ ከዕለቱ በፊት ባሉት ወራት እንደሚያልቅ ይረዳል። እኔም ሶዶ፣ በሆስፒታሉ በሚታወቀው ኦቶና ሰፈር በቆየሁበት ጊዜ ያስተዋልኩት ይህንኑ ነው።

ጊፋታ «መጀመሪያ» ወይም «ታላቅ» ተብሎ ይተረጎማል። አብዛኛውን ጊዜ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባሉት ቀናት መካከል በሚውለው እሑድ ይከበራል። በጥንቱ ሥርዓት ቀኑን የሚለዩት የጨረቃን ዑደት የሚከታተሉ አዋቂ ሽማግሌዎች ነበሩ። ከጎረቤት የሲዳማ ሕዝብም በ2008 ዓ.ም በዩኔስኮ የተመዘገበው ፊቼ ጨምበላላ ቀኑ የሚታወቀው ሽማግሌዎች ሰማዩን አይተው ነው።

ዝግጅቱ ሦስት መልክ አለው። አንደኛው ቁጠባ ነው። ወንዶች በቡድን ሆነው ገንዘብ ያጠራቅሙና በሬ ገዝተው ሥጋውን ይከፋፈላሉ። ሴቶችም እንዲሁ ተሰባስበው ቅቤ ያጠራቅማሉ። ሁለተኛው የቤት ሥራ ነው፤ ከእንሰት የሚገኘው ቆጮና ቡላ አስቀድሞ ይሰናዳል፣ ዳጣው ይዘጋጃል፣ ግቢው ይጸዳል፣ ማገዶ ይከማቻል። ሦስተኛው ዕርቅ ነው። ያበደረ ይጠይቃል፣ የተበደረ ይከፍላል፣ የተጣላ በሽማግሌ ይታረቃል። ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር ነውር ነው። «ሀያያ ሌኬ» እየተባለ የሚጨፈረው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። በዚህ ሥርዓት በዓሉ የዓመቱ ሒሳብ መዝጊያ ቀን ነው። ቀኑ ስለሚታወቅ ዕዳም ሆነ ጠብ ቀጠሮ አለው። ማንም ብቻውን አይቆጥብም፤ ስለዚህ በዕለቱ ብቻውን የሚጨነቅም አይኖርም።

እኛ ደመወዝተኞች ግን ነገሩን ገልብጠነዋል። በበዓሉ ዋዜማ እንበደራለን፤ የሚቀጥሉትን ወራት ስንከፍል እንከርማለን። ከወላይታ ወጥተው አዲስ አበባ የሚሠሩ የማውቃቸው ወጣቶች ደግሞ የበለጠ ይቸገራሉ። ለመሳፈሪያ፣ ለበሬ መዋጮና ለእናት ነጠላ የሚበቃ ገንዘብ ያልያዘ «ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ?» ይልና ይቀራል። የተራራቀውን ሊያገናኝ የተሠራ በዓል ሰውን ከቤቱ የሚያርቅ ከሆነ ትርጉሙ ተበላሽቷል ማለት ነው።

መፍትሔው ያለው እዚያው ሥርዓቱ ውስጥ ነው። የሥራ ባልደረቦች በጥቅምት ጀምረው ለመጪው በዓል ትንሽ ትንሽ ቢያዋጡ ዕቁብና ቅርጫ ለለመደ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ገንዘብ ያጠረው ልጅም ቢሆን ቤተሰቡ ጓዙን ሳይሆን እሱን እንደሚጠብቅ ይወቅ። በሬው የጋራ ነው፤ ዕርቁ ግን ሰውየው በአካል ካልተገኘ አይሆንም።