የመርካ ከተማ የጤና ሠራተኞችና የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ

የዛሬው የታሪክ ዓምዳችን የነገሥታትና የጦርነት ታሪክ አይደለም፤ የአንዲት ትንሽ ከተማ የጤና ሠራተኞች ታሪክ ነው። ይህን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው የኮሌራ ክትባት ዘመቻ ከታቢዎቹ ትምህርት ቤታችን ድረስ ሲመጡ፣ እኛ መምህራን ተማሪዎቹን አሰልፈን ካስረከብን በኋላ ቢሮ ገብተን ሻይ እንጠጣ ነበር። ክትባቱ መርፌ እንኳ የለውም፣ የሚዋጥ ነው። ከትልልቆቹ ተማሪዎች አንዱ በበሩ ብቅ ብሎ «ቲቸር፣ እናንተስ?» ሲለን የምንመልሰው አጣን። እርስ በርስ ተያየንና ዝም አልን። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ልጅ የዘገየ መልስ ነው።

ፈንጣጣ ዛሬ ስሙ ብቻ ቀርቷል። አያቶቻችን ግን በደንብ ያውቁታል። ከሞት የተረፈውን ሰው ፊቱን በጠባሳ ይሞላዋል፣ አንዳንዱንም ዓይኑን ያጠፋዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብቻ በዓለም ላይ ወደ 300 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ ይገመታል። በኢትዮጵያ በሽታውን የማጥፋት ዘመቻ የተጀመረው በጃንዋሪ 1971 እ.ኤ.አ. ነበር። ከታቢዎቹ መኪና በማይገባበት አገር በእግርና በበቅሎ፣ ኋላም በሄሊኮፕተር እየዞሩ ከየመንደሩ በሽተኛ ይፈልጉ ነበር። በኦገስት 1976 በኦጋዴን በረሃ ዲሞ በምትባል መንደር የአገሪቱ የመጨረሻ በሽተኛ ተገኘ። በሽታው ግን ድንበር አያውቅምና በሶማሊያ ገና አልጠፋም ነበር። በ1977 ዓመት ብቻ በዚያ አገር ከ3,000 በላይ ሰዎች ታመዋል።

እንግዲህ ወደ መርካ እንምጣ። መርካ ከሞቃዲሾ በስተደቡብ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ያለች ከተማ ናት። በኦክቶበር 12 ቀን 1977 (በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 2 ቀን 1970 ዓ.ም.) ከአርብቶ አደሮች ሰፈር ሁለት ፈንጣጣ የያዛቸው ልጆችን የጫነ መኪና ወደ ለይቶ ማቆያው ሲሄድ መንገድ ለመጠየቅ ከከተማው ሆስፒታል ደጃፍ ቆመ። አሊ ማው ማሊን የሚባል የ23 ዓመት ወጣት፣ የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ «እኔ አሳያችኋለሁ» በሚል ቅንነት መኪናው ላይ ወጣ። አብሯቸው የቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ያቺ ግን በቂ ነበረች።

እዚህ ላይ የሚገርመውን ነገር ልብ በሉ። አሊ ቀደም ሲል ራሱ ለጊዜው በከታቢነት ሠርቷል፤ የሆስፒታሉ ሠራተኞችም እንዲከተቡ ታዝዘው ነበር። እሱ ግን መርፌው ያማል ብሎ ስለፈራ አልተከተበም። ሰውን እየከተበ ራሱ የቀረ! (ከእኛ ከመምህራኑ በምን ይለያል?)

ከአሥር ቀን በኋላ አተኮሰው። በመጀመሪያ ወባ ነው ተባለ፤ ሽፍታው ሲወጣ ደግሞ ጉድፍ የሚባለው የልጆች በሽታ ነው ተብሎ ወደ ቤቱ ተሸኘ። ነገሩን እሱ ራሱ ጠርጥሯል፤ ግን ለይቶ ማቆያ እንዳያስገቡት ፈርቶ ዝም አለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገራችን ሰው። ደግነቱ በኦክቶበር 30 አንድ ነርስ የሥራ ባልደረባው ጉዳዩን አመለከተ። ለጠቋሚ የተመደበውንም የ200 የሶማሊያ ሽልንግ ሽልማት አገኘ።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ነው የታሪኩ ዋና ነገር። ሆስፒታሉ አዲስ በሽተኛ መቀበል አቆመ፣ የሕክምና ሠራተኞቹ በሙሉ ተከተቡ፣ ተኝተው የነበሩት ታካሚዎችም እዚያው እንዲቆዩ ተደረገ። አሊ ያገኛቸው ሰዎች በስም ሲመዘገቡ 161 ሆኑ። ማን ጠየቀው? ማን አብሮት በላ? ተብሎ አንድ በአንድ ተፈለጉ፣ ሳምንታትም ክትትል ተደረገባቸው። በመጀመሪያ በቤቱ ዙሪያ ያሉት፣ ቀጥሎ ሰፈሩ፣ ከዚያም ከተማው በሙሉ ቤት ለቤት ተከተበ። ከከተማው በሚወጡ መንገዶች ሁሉ፣ በእግር መንገዶቹም ጭምር፣ ፖሊስ ኬላ ዘርግቶ አላፊ አግዳሚው ይከተብ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ 54,777 ሰው ተከተበ። ከአሊ በኋላ አንድም ሰው አልታመመም። አሊም ዳነ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1978፣ በእንግሊዝ አገር ከቤተ ሙከራ ባመለጠ ቫይረስ አንዲት ሴት ሞተዋል፤ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻው ሰው ግን አሊ ነው። በሜይ 1980 የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር ላይ መጥፋቱን አወጀ።

ከዚህ ምን እንማራለን? እኛ የገባን ይህ ነው። ክትባቱ ብቻውን በሽታውን አላጠፋም። ክትባቱማ ከ1796 ጀምሮ ነበረ። የጎደለው የስም ዝርዝር የሚይዝ ሰው፣ በር የሚያንኳኳ ሰው፣ በሩን የሚከፍት ሰው፣ ሲያይ የሚናገር ሰው ነበር። የከተማ ጤና አገልግሎት ማለት ሲጠቃለል እሱ ነው።

የፈራውም ሰው መሃይም አልነበረም። በሽታውን የሚያውቅ፣ ከሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ የሚውል ሰው ነው። እኛም ካምፕ ውስጥ ፍርሃት አናጣም። «ስም አስመዝግቡ» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የራሽን ካርዳችን ነው። ቆጠራ መጣ እንላለን። ልጅ ሲያተኩሰው ወስደው ያስቀሩብናል ብላ የምትደብቅ እናት አለች። እሷን ማሽሟጠጥ ዋጋ የለውም። ዝርዝሩ ለምን እንደሚያዝ፣ ልጇ የት እንደሚወሰድና መቼ እንደሚመለስ በገዛ ቋንቋዋ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። ይህን ደግሞ ከጤና ሠራተኞቹ እኩል መምህር ሊሠራው ይችላል።

አሊም ኋላ የሠራው ይህንኑ ነው። ካደገ፣ ከበሰለ በኋላ ፖሊዮን ለማጥፋት በሚደረገው ዘመቻ ገባ፤ ልጆቻቸውን አናስከትብም የሚሉ ወላጆችን እየተቀመጠ የራሱን ታሪክ ይነግራቸው ነበር። እኔ ፈርቼ ነበር፣ የደረሰብኝን እዩ፣ ዓይነት ነገር። በ2013 ፖሊዮ ወደ ሶማሊያ ሲመለስ እንደገና ለዘመቻ ወጣ፤ በዚያው ሥራ ላይ ሳለ በጁላይ ወር በወባ ታሞ አረፈ።

ለዚያ ተማሪያችን እንግዲህ መልሳችን ይኸው፦ ልክ ነህ። በሚቀጥለው ዘመቻ መምህራን ከሰልፉ ፊት እንቆማለን፤ ካርዳችንንም ክፍል ውስጥ እናሳያችኋለን። ካልቆምን አስታውሱን።