ከደጅ ጥናት እስከ ይለፍ ቃል

ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መታሰቢያ መጽሔት ላቀርበው ያሰብኩት ጽሑፍ ሌላ ነበር። ይኸውም ስለ ዱቡሻ፣ ማለት በጋሞ ደጋ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ስለሚመክሩበትና ስለሚዳኙበት ሜዳ፣ ከአያቴ አንደበት የሰማሁትን ለመጻፍ ነበር። አያቴ ሁለት ምሽት በጋሞኛ ያጫወቱኝን በስልኬ ቀድቼ፣ ስልኩ እንኳ ቢጠፋ ቃላቸው እንዳይጠፋ በማለት በአንድ የመልእክት መለዋወጫ አካውንቴ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አያቴ ዐረፉ። ስልኬም በገበያ ቀን ተሰረቀ። ሌላ ስልክ እስኪገዛልኝ ድረስ ብዙ ወራት ስላለፉ፣ ያ የስልክ ቁጥር ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ጠበቀኝ። አካውንቱን ለመክፈት ስሞክር መክፈቻው የሚላከው ወደ ቀድሞው ቁጥር ሆነ። የይለፍ ቃሌን አውቃለሁ፤ ስሜንም አውቃለሁ፤ የአያቴንም ድምፅ ከሺህ ድምፅ ለይቼ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በሩ አልተከፈተልኝም።

በገረሴ ገበያ ውስጥ የማን ልጅ መሆኔን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ ግን ለዚያ በር ሊመሰክርልኝ አልቻለም። ነገሩ ሲያስገርመኝ ከረመና፣ ያሰብኩትን ታሪክ መጻፍ ካልተቻለኝ የከለከለኝን የበሩን ታሪክ ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ። አንባቢ ሆይ፣ የጽሑፌን ጉድለት በትዕግሥት እንድትመለከትልኝ አስቀድሜ እለምናለሁ።

በአገራችን በር ላይ ቆሞ መለመን የቈየ ልማድ ነው፤ ስሙም ደጅ ጥናት ይባላል። በቀድሞው ዘመን ሹመት የፈለገ፣ ርስቱ የተወሰደበት፣ ወይም በጌታው የተጣላ ሰው ወደ ቤተ መንግሥት ወይም ወደ ባላባቱ ግቢ ሄዶ ከደጅ ይውል ነበር። አንዳንዱም ወራትን፣ አንዳንዱም ዓመታትን በደጅ ጥናት ይፈጅ ነበር። በውስጥ በኩል ማን እንደሚገባና ማን እንደማይገባ የሚለይ ባለሥልጣን ነበረ። ማዕረጉ ራሱ እልፍኝ አስከልካይ ይባል ስለ ነበር፣ ሥራው ምን እንደ ሆነ ማንም መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። በግብርም ጊዜ እንግዳውን እንደየማዕረጉ የሚያስገባና የሚያስቀምጥ አጋፋሪ ነበር።

ስለዚህ ሥርዓት መልካም ብቻ መናገር አይገባም። ጉቦ ነበረበት፤ አድልዎ ነበረበት፤ የድኻ ልጅ ከደጅ ሲያረጅ የጌታ ልጅ ሰተት ብሎ ይገባ ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ነበረው። በሩን የሚዘጋው ሰው ነበር። ሰው በመሆኑም ዐይንና ጆሮ ነበረው፤ «አቤት!» ተብሎ ይጮኽበታል፤ አማላጅ ይላክበታል፤ ዛሬ ቢከለክል ነገ ሊራራ ይችላል።

ራቅ ብሎ ላለ ሰው ደግሞ ማኅተም ነበር። የነገሥታቱ ደብዳቤ ማኅተም ከራስጌው ይመታበት ነበርና፣ ተቀባዩ ቃሉን ከማንበቡ በፊት ማኅተሙን ይመለከት ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ማኅተም በአንበሳ ምስሉ የታወቀ ነው። ማኅተም ግን ያለው ንጉሥና መኳንንት ነው። ማኅተም የሌለው ገበሬ ምን ያደርግ ነበር ቢባል፣ መልሱ ዋስ ይጠራ ነበር የሚል ነው። ተሟጋቾች ዋስ ሳይጠሩ ክርክር አይጀምሩም። ዋስ ያጣ ባለዕዳም ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ተቈራኝቶ የሚሄድበት ጊዜ ነበር፤ ቁራኛ የሚለው ቃል ከዚህ ይታወቃል። እንግዲህ በዚያ ዘመን «አንተ ማን ነህ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከራስ አፍ የሚወጣ አልነበረም፤ ከሚያውቅህ ሰው አፍ የሚወጣ ነበር።

በእኛም በጋሞ ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። በዱቡሻ ስብሰባ በምርቃት ይከፈታል፤ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ነገር ያለው ይናገራል። ወደዚያ ለመግባት የምሥጢር ቃል አይጠየቅም። እርጥብ ሣር በእጁ የያዘ ሽማግሌ ለሰላም እንደመጣ ማንም ያውቀዋል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ስለ ተገደሉት ወገኖች የተቈጣ ወጣት በአርባ ምንጭ ጎዳና ለበቀል ሲወጣ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊቱ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። ያን ቀን መንገዱን የዘጋው ብረት አልነበረም። ሣሩ ለሁሉ የሚታይ ምልክት ነው፤ የሚሠራውም ሁሉ ስለሚያውቀው ነው። የይለፍ ቃል ግን የሚሠራው ማንም ባላወቀው ጊዜ ብቻ ነው።

ታዲያ ይህ የይለፍ ቃል ከየት መጣ? ለወታደር ጥበቃ የምሥጢር ቃል መጠቀም በጥንት ሮማውያንም ዘንድ የታወቀ ነበር። ወደ ኮምፒዩተር የገባው ግን በቅርብ ዘመን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፈርናንዶ ኮርባቶ የሚባሉ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር አንዱ ኮምፒዩተር ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ የሚያገለግልበትን ብልሃት ሠርተው አሳዩ። መሣሪያው የጋራ ሲሆን የእያንዳንዱ ሰው ጽሑፍ ግን የግል ስለ ሆነ፣ ለእያንዳንዱ የይለፍ ቃል ተሰጠው። ይህ ቍልፍ ገና ከመሠራቱ መሰበሩም አስቂኝ ነው። በ1962 ዓ.ም. አለን ሸር የሚባል የዚያው ተቋም ተማሪ በሳምንት የተመደበለት አራት ሰዓት ስላልበቃው፣ የይለፍ ቃሎቹ ሁሉ የተጻፉበት መዝገብ ታትሞ እንዲወጣለት ኮምፒዩተሩን አዘዘ፤ ኮምፒዩተሩም እንደ ታዘዘ አተመለት። ከዚያ በኋላ በጓደኞቹ ሰዓት ይሠራ ጀመር። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ በአሠራር ስሕተት የዕለቱ ማስታወቂያ የሚጻፍበት መዝገብና የይለፍ ቃሎቹ መዝገብ ተለዋውጠው፣ ለሚገባ ሰው ሁሉ የሁሉም ሰው ምሥጢር በፊቱ ተነበበለት።

ከዚህ በኋላ ሊቃውንቱ የይለፍ ቃሉን እንዳለ ማስቀመጥ ሞኝነት መሆኑን ተረዱ። ቃሉ በሒሳብ ተፈጭቶ፣ የሚቀመጠው ዱቄቱ ብቻ እንዲሆን አደረጉ። የተፈጨ ገብስ ተመልሶ ገብስ እንደማይሆን ሁሉ፣ ከዚያ ዱቄት ተነሥቶ ቃሉን ማወቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ባለቤቱ ቃሉን ሲጽፍ መሣሪያው እንደ ገና ይፈጨውና ሁለቱን ዱቄት ያስተያያል። እንግዲህ የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው «ንገሩኝ» ቢል ድርጅቱ ሊነግረው የማይችለው ከክፋት የተነሣ አይደለም፤ ራሱም ስለማያውቀው ነው። እኔ ይህን ሳልረዳ በፊት ብዙ ተቈጥቼ ነበር።

ሰው ግን ይረሳል፤ ሌባም ይሰርቃል። ስለዚህ ሌላ ቍልፍ ተጨመረ፤ ይኸውም በስልክ ቁጥር የሚላክ አጭር መልእክት ነው። በአገራችን ስልክ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው፤ የአዲስ አበባና የሐረር መስመር የተዘረጋው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1890ዎቹ ነበር። ያን ጊዜ ስልክ የቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ነበር። የእጅ ስልክ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከተስፋፋ በኋላ ግን ቁጥር የሰው ምልክት ሆነ። ብዙ የገጠር ልጅ ኢሜይል ሳይኖረው ስልክ ስለ ያዘ፣ ቁጥሩ ብቻውን ስሙም፣ ማኅተሙም፣ ዋሱም ሆነለት። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስም በሞት እንኳ አይወሰድም። የስልክ ቁጥር ግን ኪራይ ነው፤ ለብዙ ጊዜ ካልተሠራበት ለሌላ ይሰጣል።

ፌስቡክ የዋስን ነገር አንድ ጊዜ አስቦት እንደ ነበር ባነበብኩ ጊዜ ደስ አለኝ። በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ባወጣው ደንብ፣ ሰው ከሦስት እስከ አምስት የሚያምናቸውን ወዳጆች አስቀድሞ ይመርጥ ነበር። ሲዘጋበት ለእነዚያ ወዳጆች የመክፈቻ ቁጥር ይሰጣቸውና፣ እርሱ ከእነርሱ ለቅሞ ይገባ ነበር። ይህ ከአያቶቻችን ዋስ በምን ይለያል? ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ደንቡ ቀረ።

መሣሪያው ለሠሪዎቹም ቢሆን የማይራራ መሆኑ መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ታየ። በዚያ ቀን ፌስቡክ በጥገና ላይ ሳለ በደረሰ ስሕተት የራሱን አድራሻዎች ከዓለም ኢንተርኔት ሰረዘና፣ ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፉ። የድርጅቱ የውስጥ መሣሪያዎችም በዚያው መረብ ላይ ይሠሩ ስለ ነበር፣ ሠራተኞቹ በመታወቂያ ካርዳቸው የመሥሪያ ቤታቸውን በር መክፈት እስከማይችሉ ደረሱ። ባለቤቱ ከገዛ ደጁ ቆመ ማለት ነው። ይህን ለአባቴ ብነግራቸው ለረጅም ጊዜ ሳቁ።

ሌላም ዓይነት መዘጋት አለ፤ እርሱም ቍልፉ በእጅ ሳለ መንገዱ ሲዘጋ ነው። ይህን የእኛ አገር ተማሪ በደንብ ያውቀዋል። በ2008 ዓ.ም. በግንቦት ወር የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በፌስቡክ ላይ ወጥቶ ፈተናው ስለ ተሰረዘ፣ በሐምሌ በድጋሚ ሲሰጥ ማኅበራዊ መገናኛዎች ለጥቂት ቀናት ተዘጉ። በ2009 ዓ.ም.ና በ2011 ዓ.ም. በፈተና ሰሞን ኢንተርኔቱ ራሱ ተቋረጠ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ያለ ኢንተርኔት ቈየች። በትግራይ ጦርነቱ ከተጀመረበት ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. አንሥቶ የስልኩም የኢንተርኔቱም መስመር ተቋርጦ፣ ብዙ ቤተ ሰብ ሁለት ዓመት ያህል የዘመዱን ድምፅ ሳይሰማ ኖረ። የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቱብ ተዘግተው እስከ ሐምሌ ድረስ አምስት ወር ያህል ቈዩ። መንግሥት ፈተናን ለመጠበቅ ወይም ሁከትን ለማብረድ ነው ይል ነበር፤ ለፈተናው መፍሰስ በኋላ የተገኘው መድኃኒት ግን ተማሪዎችን በዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብቶ መፈተን ሆነ። ይህ የሚያሳየው ሁሉን በር መዝጋት ግድ እንዳልነበረ ነው፤ የእኔ አስተያየት ይህ ነው።

አሁን ወደ ጀመርኩት ልመለስ። በአስተማሪዬ ምክር ወደ ቀድሞው ቁጥሬ ደወልኩ። ያነሡት ሶዶ የሚኖሩ ነጋዴ ናቸው። ስለ አያቴ ድምፅ ነገርኳቸውና፣ ወደ ስልካቸው የሚመጣውን የመክፈቻ ቁጥር እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። በትሕትና እምቢ አሉ።

«ልጄ፣ ይህን ቁጥር ለማንም አትንገር ብሎ እዚሁ መልእክቱ ላይ ጽፎበታል። ደግሞስ አንቺ ማን እንደ ሆንሽ እኔ በምን አውቃለሁ?»

«የገረሴ ልጅ ነኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«የገረሴ ልጅማ ብዙ ነው።»

በልቤ አዘንኩ እንጂ ልወቅሳቸው አልቻልኩም። እንዲህ ያለውን ቁጥር በስልክ ጠይቀው ሰውን የሚዘርፉ አታላዮች ብዙ ናቸውና፣ ያደረጉት ትክክል ነው። ጥቂት ዝም ብለው ግን ሙዝ ለመጫን ወደ አርባ ምንጭ እንደሚመላለሱ ነገሩኝና፣ እዚያ የሚያውቀኝ ሰው እንዳለ ጠየቁኝ። የአባቴ የአክስት ልጅ ሙዝ ከሚጫንበት ስፍራ ይሠራል፤ ስሙን ስነግራቸው ሳቁ። «እርሱንማ አውቀዋለሁ፤ ከአባትሽ ጋር ነይ፤ እርሱ ዋስ ከሆነሽ በፊቴ ትከፍቺዋለሽ» አሉኝ።

አባቴ ዘመዳችንን አነጋግረው፣ በሚመጣው ቅዳሜ አብረን ወደ አርባ ምንጭ እንድንወርድ ቀን ቈርጠዋል። የመጽሔቱ አዘጋጆች ጽሑፉን ከዚያ በፊት ስለ ፈለጉት፣ የአያቴን ድምፅ መልሼ መስማቴንና አለመስማቴን እዚህ ላይ ልጽፍ አልቻልኩም።