ድስት ይዞ ወደ ባሕር

ሰሞኑን እኛ የዚህ ገጽ ጸሐፊዎች አንድ ከባድ አገራዊ ጉዳይ ይዘን ሦስት ማታ ተሰብስበናል። አጀንዳው፦ ላንጋኖ ሄዶ ሁለት ሌሊት ማደር። ባሕር የለንምና ለአዲስ አበባ ልጅ ባሕሩ ላንጋኖ ነው፤ ውኃው ቡኒ ቢሆንም አሸዋ አለው፣ ማዕበል ቢጤም አያጣም። መኪናው ተቻለ። ድንኳኑ ከወዳጅ ተገኘ። ምግቡ ላይ ስንደርስ ግን ስብሰባው በጭቅጭቅ ተበተነ።

ምክንያቱም ባለፈው የሄድንበት አንድ መዝናኛ (ስሙን እንተወው) በሩ ላይ «ከውጭ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ሰቅሎ ጠብቆናል። ሽሯችንንና ድስታችንን ለጥበቃው አስረክበን ገባን። ለአንድ ሰሃን ፓስታ የከፈልነውን ስናስበው እስከ ዛሬ ያመናል።

ንዴት ታሪክ ያስነብባል። አንብበን የደረስንበት ነገር ቢኖር ይህ ጠብ ከእኛ በፊት የነበረ መሆኑን ነው። ተራ ሰው ወደ ባሕር ዳርቻ የሄደበት ታሪክ፣ ከግማሽ በላይ የድስት ታሪክ ነው።

ዕጣ የሌለው እቁብ

ወደ ሰሜን እንግሊዝ እንሂድ፤ የጥጥ ፋብሪካ ወደሞላበት ላንካሸር። ባቡር ብላክፑል የተባለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው። የፋብሪካ ከተሞቹ በየተራ፣ በዓመት አንድ ሳምንት ያህል ማሽናቸውን አቁመው ይዘጉ ነበር። ሠራተኛው ያን ሳምንት ያርፋል፤ ደመወዝ ግን የለም። እረፍቱ እረፍት ነው፣ ኪሱ ግን ጾም ነው።

ታዲያ ምን አደረጉ? ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም እየጣሉ ማኅበር ገቡ። እኛ እቁብ ብንለው ብዙ አንሳሳትም፤ ዕጣ የሌለው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚወስደው እቁብ። የእረፍቱ ሳምንት ሲደርስ ገንዘቡ ይከፈላል፣ ከተማው በባቡር ተጭኖ ባሕር ዳር ይወርዳል። ለመዝናናት ማቀድ የሀብታም ነገር የሚመስለው ካለ እነዚህን ፈታዮችና ሸማኔዎች ያስታውስ። አምሳ አንድ ሳምንት የሚያቅዱት ለአንዷ ሳምንት ነበር።

የጨው ሒሳብ

ብላክፑል ሲደርሱ የሚያድሩት አልጋ በሚያከራዩ ሴቶች ቤት ነው። አሠራሩ ደስ ይላል፦ እንግዳው ዳቦውን፣ ሥጋውን፣ ሻዩን ራሱ ገዝቶ ያመጣል፤ ባለቤቲቱ ደግሞ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ለየብቻ ታበስላለች። ምግቡ የእንግዳው ነው፣ ምድጃው ግን የእሷ። ምድጃው የማን እንደሆነ ደግሞ ሒሳቡ ሲመጣ ይታወቃል። ብዙዎቹ ጠረጴዛው ላይ ለተቀመጠው የጨውና የቁንዶ በርበሬ ዕቃ «መጠቀሚያ» ብለው ለብቻው ያስከፍሉ ነበር። ቁርስ ከተበላ በኋላም ዝናብ ቢዘንብ ባይዘንብ ውጡ ነው። ይህ ነገር በእንግሊዞች ዘንድ እስከ ዛሬ የቀልድ ማጣፈጫ ነው።

እኛ ግን አልሳቅንም። ሽሯችን ጥበቃው ጋ ነበረች።

ልብስ ሰፊው እና ፉርጎው

ከዚህ መውጫው ሁለት ሆነ። አንደኛው ድንኳን ነው። ቶማስ ሃይራም ሆልዲንግ የተባለ ልብስ ሰፊ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር በጋሪ የአሜሪካን ሜዳ አቋርጧል፤ ሜዳ ላይ ማደር እዚያ ለምዶ ኖሮ ካደገ በኋላ ብስክሌት ላይ የሚታሰር ቀላል ድንኳን መሥራት ያዘ። በ1901 ብስክሌተኛ ሰፋሪዎችን ያሰባሰበ ማኅበር መሠረተ፣ በ1908 ደግሞ ምን ይያዝ፣ እንዴት ይበሰል የሚል መመሪያ መጽሐፍ አወጣ።

ሁለተኛው ለእኛ ይበልጥ የሚያስቀና ነው። በ1933 በእንግሊዝ ምሥራቅና ሰሜን የሚሠራው የባቡር ኩባንያ ያረጁ ፉርጎዎቹን ከመጣል ይልቅ አልጋ፣ ወጥ ቤት፣ ድስትና ሰሃን አስገብቶላቸው ውብ መልክዓ ምድር ባለባቸው ትናንሽ ጣቢያዎች ጥግ አቆማቸው። ቤተሰብ በባቡር መጥቶ ፉርጎውን በሳምንት ይከራያል። ውኃው ከጣቢያው፣ ወጡ ከራስ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሌሎቹም ትልልቅ የባቡር ኩባንያዎች ተከተሉት። ኩባንያው ጽድቅ ፈልጎ አይደለም፤ የፉርጎው ተከራይ የባቡር ቲኬት መግዛቱ አይቀርም። ቢሆንም ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ በሩን ከውስጥ ዘግቶ፣ ሲፈልግ አብስሎ፣ ሲዘንብ ቤቱ ቁጭ ብሎ እረፍት አሳለፈ።

ሕግ ሲጨመርበት

ድስትና ድንኳን ብቻውን ግን አይበቃም። ደመወዝ የሌለው እረፍት ለብዙው ሰው ቅጣት ነው። በፈረንሳይ በ1936 በግንቦትና ሰኔ ሠራተኛው ፋብሪካ ውስጥ ተቀምጦ አድማ መታ። በሰኔ 20 የሁለት ሳምንት የዓመት ፈቃድ ከነደመወዙ ሕግ ሆነ። የመዝናኛ ጉዳይ ኃላፊው ሌዮ ላግራንዥ ደግሞ ለፈቃደኞች 40 በመቶ ቅናሽ ያለው የባቡር ቲኬት አስወጣ፤ በዚያው ዓመት ከ500 ሺህ በላይ ሰው ተጠቀመበት። መንገዱ ሁለት ሰው በሚነዳው ብስክሌትና በድንኳን ሞላ፤ ባሕር የሚባለውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየም ብዙ ነበር። በየዳርቻው ቦታውን የለመዱት ሀብታሞች «ደግሞ እነዚህ መጡ» ብለው አፍንጫቸውን ነፉ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሌዮን ብሉም በ1942 ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ በእነዚያ አስቸጋሪ ሕይወቶች ላይ ጥቂት ብርሃን አምጥቻለሁ ብሎ ያነሣው ያን በብስክሌት የሚጓዝ ጥንድ ነበር። ላግራንዥ ግን ያን ቀን አላየም፤ በ1940 ጦር ሜዳ ላይ ሞቷል።

እንግሊዝም በ1938 ተከተለች። ሕጉ አነስተኛ ደመወዝ የሚወስኑ ቦርዶች የአንድ ሳምንት ፈቃድ ከነክፍያው እንዲሰጡ ሥልጣን ሰጠ። በቀጣዩ ዓመት ጦርነት መጣና ብዙው ዳርቻ በሽቦና በፈንጂ ታጠረ፤ ሰዉ ፈቃዱን በሙሉ ልብ ያጣጣመው ከ1945 በኋላ ነው።

ወደ ላንጋኖ ስንመለስ

እኛስ? ሕጉ አለን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ሠራተኛው «ፈቃዴን ትቻለሁ» ብሎ ቢፈርም እንኳ ስምምነቱ ዋጋ የለውም ይላል። እኛ ግን ፈቃዳችንን የምንጠቀምበት ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለሕመም፣ ለፈተና ነው። ለማረፍ ብለን ስንጠይቅ እንደ ሌባ እናፍራለን፤ አለቃውም «ምን ሆነሃል?» ይላል። ውል የሌለው የቀን ሠራተኛ ጓደኛችንማ ያረፈ ቀን ያልበላ ቀን ነው፤ ከ1936 በፊት የነበረው ፈረንሳዊ እሱ ነው።

ስለዚህ አራተኛው ስብሰባችን እንዲህ ወሰነ። አንድ፣ የፈቃድ ፎርሙ ዛሬ ይሞላ፣ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይም «እረፍት» ተብሎ ይጻፍ። ሁለት፣ በየሳምንቱ ጥቂት ብር ይጣል፣ ለቀን ሠራተኛው ጓደኛችን የሚቀርበት የሁለት ቀን ገቢም ከዚያው ይሸፈን። ሦስት፣ ከመነሣታችን በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑ ይጠየቅ። አራት፣ ቦታ ስንመርጥ ከአልጋው በፊት «ማብሰል ይቻላል ወይ?» ይባል።

ጨውና በርበሬው ከእኛ ነው።