ተነጥቆ ወዴት? ሁለት የግሪክ ቃላትና የዓለም ፍጻሜ ክርክር

«ንጥቀት» የሚባለውን ትምህርት ሳትሰሙ አትቀሩም። ክርስቶስ ምእመናኑን በድንገት ከምድር ወደ ሰማይ ይወስዳል፣ ለቀሩት ደግሞ የመከራ ዘመን ይመጣል የሚል እምነት ነው። በዚህ መልኩ ያስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1830ዎቹ ጀምሮ ጆን ኔልሰን ዳርቢ የተባለ ሰባኪ ነው። በ1909 የታተመው የስኮፊልድ ባለማብራሪያ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በሰፊው አሰራጨው። ክርክሩ ግን ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ50 ገደማ ለተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት፣ ምዕራፍ 4 ቁጥር 17 ላይ፣ በሁለት የግሪክ ቃላት ነው።

አንዱ «ሃርፓዞ» ነው፤ መንጠቅ፣ ላፍ አድርጎ መውሰድ። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ወደ ላይ መውጣት ይታየዋል። ቃሉ ግን በራሱ አቅጣጫ የለውም። በዮሐንስ ወንጌል ተኩላ በጎቹን የሚነጥቀው በዚሁ ቃል ነው። በሐዋርያት ሥራ 8 ደግሞ ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ካጠመቀ በኋላ ይነጠቃል፤ የተገኘው ግን አዛጦን ከተማ፣ እዚሁ ምድር ላይ! በእኛ በመሐንዲሶች አነጋገር ቃሉ ኃይሉን እንጂ አቅጣጫውን አይነግረንም። «ወደ ላይ» የሚለውን የምናገኘው እዚያው ጥቅሱ ላይ ካሉት ከደመናና ከአየር ነው።

የሚያከራክረው ሌላው ነው፦ «አፓንቴሲስ»፣ ሊቀበሉ መውጣት። በዚያ ዘመን ንጉሥ ወይም ሹም ወደ ከተማ ሲመጣ ሕዝቡ ከበር ወጥቶ ያገኘውና አጅቦት ይመለስ ነበር። እንግዳ መቀበልን እኛም እናውቀዋለን፤ ተቀባይ እንግዳውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል እንጂ ከእንግዳው ጋር ወደመጣበት አይሄድም። ጳውሎስ ራሱ ወደ ሮም ሲቃረብ ወንድሞች ሊቀበሉት እስከ አፍዩስ ፋሩስ፣ ወደ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ መጥተዋል፤ ቃሉ ያው ነው። ኤሪክ ፒተርሰን በ1930 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ልማድ ይዞ ተከራከረ። እንዲያ ከሆነ ምእመናኑ በአየር ላይ ጌታን ተቀብለው አብረውት ይወርዳሉ፤ የዳርቢ ጉዞ ደግሞ ተገለበጠ ማለት ነው።

ነገሩ ግን እዚህ አላበቃም። ማይክል ኮዝቢ በ1994 የፒተርሰንን ሐሳብ ተቃወመ፤ የእነዚያ አቀባበሎች የተለመዱ ምልክቶች በጳውሎስ ጽሑፍ ውስጥ አይታዩም ሲል። ቃሉም ለክብር አቀባበል ብቻ የተያዘ አይደለም። በግሪኩ ብሉይ ኪዳን እስራኤላውያን ፍልስጥኤማውያንን ለጦርነት ሊገጥሙ ሲወጡም «አፓንቴሲስ» ይላል። ጦር ሊገጥም የወጣ ሰው ጠላቱን አጅቦ አይመለስም መቼም! እኔ የፒተርሰን ንባብ ያመዝናል ባይ ነኝ፤ ግን ቃሉ ብቻውን ማስረጃ ሆኖ ይቆማል የሚለኝን አልቀበልም።

ደግሞም የተሰሎንቄ ሰዎች ጭንቀት መንገዱ አልነበረም። ከመካከላቸው ሰዎች ሞተዋል፤ ጌታ ሲመጣ እነዚያ ይቀራሉ ወይ የሚል ሐዘን ይዟቸው ነበር። ጳውሎስም የመለሰላቸው ይሄንኑ ነው፤ የሞቱት ቀድመው ይነሣሉ፣ ከዚያ ሁላችሁም አብራችሁ ትሆናላችሁ፣ በዚህ ተጽናኑ። በአየር ላይ ከተገናኙ በኋላ ወዴት እንደሚሄዱ ግን አልጻፈላቸውም።