ብርበራና የሴተኛ አዳሪዎች ቤት በኢትዮጵያ ሕግ

የሰው መኖሪያ ቤት ሕግ ከፈቀደው ውጭ እንዳይበረበር የሚከለክለው ድንጋጌ በኢትዮጵያ በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሰፈረ ሲሆን፣ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ጥበቃውን ወደ ሰውየው አካልም አስፍቶታል። ሁለቱም የቤቱ ነዋሪ በምን እንደሚተዳደር አልጠየቁም፤ በመሆኑም ከቡና ቤት ጀርባ በመጋረጃ በተከለለች አንዲት ክፍል የምትኖር ሴተኛ አዳሪ፣ አልጋዋና ሳጥኗ ያሉበት ያው ክፍል የሥራ ቦታዋም ቢሆን፣ ከጥበቃው የምትወጣበት ምክንያት የለም።

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በዝሙት መተዳደርን በራሱ ወንጀል አላደረገም። የቀጣው በሌላው ሰው ዝሙት አዳሪነት የሚጠቀመውን፣ ማለትም አቃጣሪውንና የዝሙት ቤት ያዡን ሲሆን፣ ቅጣቱም መቀጮና ቀላል እስራት፣ ይኸውም በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት የሚደርስ እስራት ነበር። አቋሙ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በመሠረቱ አልተለወጠም።

የብርበራን አፈጻጸም በዝርዝር የደነገገው የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። በአንቀጽ 33 መሠረት የፍርድ ቤቱ የመበርበሪያ ትእዛዝ የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ መጥቀስ አለበት፤ ፖሊስም ከተጠቀሰው ሌላ መያዝ አይችልም፤ ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ብርበራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ይካሄዳል። የሰዓቱ ገደብ የታሰበው ሌሊት ለሚተኛ ቤተሰብ ይመስላል፤ ሥራው ሲመሽ በሚጀምር ቤት ግን ይኸው ገደብ የሴተኛ አዳሪዋን ገበያ ጭምር የሚጠብቅ ሆኖ መገኘቱ ሕግ አውጪው ያሰበው አይመስልም።

ያለ ትእዛዝ መበርበርን የሚፈቅደው አንቀጽ 32 ነው። እጅ ከፍንጅ ተከታትሎ ከመያዝ ሌላ፣ ከ3 ዓመት በላይ የሚያስቀጣ ወንጀል ክስ ወይም አቤቱታ ቀርቦበት፣ ማስረጃው ትእዛዝ እስኪወጣ ይሸሻል ተብሎ በበቂ ምክንያት ሲታመን ፖሊስ መበርበር ይችላል። ከዚህ አንጻር በዝሙት ቤት መያዝ ክስ ብቻ በዚህ በር መግባት አዳጋች ነው፤ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስከትል የሚችለው ስርቆት ግን ይከፍተዋል፤ ይህም ማለት «ገንዘቤ ተሰረቀ» የሚል የአንድ ደንበኛ አቤቱታ አቃጣሪውን ለመያዝ ያልተከፈተውን በር በሴተኛ አዳሪዋ ላይ ሊከፍት ይችላል። ብትያዝ እንኳ አካሏ የሚፈተሸው ማስረጃ ይዛለች ተብላ በበቂ ምክንያት ስትጠረጠር ብቻ ሲሆን፣ ፈታሿም ሴት መሆን አለባት።