የልጆች ድድና መንጋጋ እብጠት፦ የቱ በራሱ ይጠፋል? የቱ ሐኪም ይፈልጋል?

እኔ የምኖረው ሐርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ሰፈራችን ውስጥ እናቶች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ግን ልናውቀው የሚገባውን አሰባስቤ ጽፌያለሁ።

ሲስት ማለት ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ነው። በልጆች አፍ የሚታየው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

1. አራስ ሕፃን ድድ ወይም ላንቃ ላይ የሚታዩ ነጫጭ ፍሬዎች። በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት በራሳቸው ይጠፋሉ። አትነካኳቸው።

2. ጥርስ ሊወጣ ሲል ድድ ላይ የሚታይ ሰማያዊ እብጠት። አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ ብቅ ሲል ይጠፋል።

3. ከተቦረቦረ የወተት ጥርስ ሥር የሚያድግ ሲስት። ዋናው አሳሳቢ ይሄ ነው። የጥርሱ ነርቭ ሲሞት ኢንፌክሽኑ ወደ ሥር ይወርዳል። ሲስቱ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ ግን አጥንቱን እየበላ ያድጋል፣ ከሥር የሚጠብቀውን ቋሚ ጥርስም ይገፋል። «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» ብላችሁ አትተዉት። የኋላ የወተት ጥርሶች የሚወድቁት ከ10 እስከ 12 ዓመት አካባቢ ነው።

ሕክምናው ምንድን ነው? አንቲባዮቲክ ብቻውን ሲስት አያጠፋም። ራጅ መነሳት ያስፈልጋል (ሶማልኛውም «ራጆ» ነው)። ከዚያ ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ የታመመውን ጥርስ ነቅሎ ፈሳሹን ያፈሳል። በጊዜ ከተደረሰበት ቋሚው ጥርስ ብዙ ጊዜ ቦታውን ይዞ ይወጣል። ሐርጌሳ ያላችሁ ዋናው የመንግሥት ሆስፒታል ሐርጌሳ ግሩፕ ነው፤ ካምፕ ያላችሁ ከጤና ጣቢያው ወደ ጥርስ ሐኪም የሪፈር ወረቀት ጠይቁ።

ግግ አታስወጡ! ሕፃን ሲያስቀምጠው ወይም ሲያተኩሰው ድዱ ያበጠው በትል ነው እየተባለ በአገራችን በስለት ይወጣል። ሶማሌ ጎረቤቶቻችንም ዘንድ ይህ ልማድ አለ። የሚወጣው ግን ትል ሳይሆን ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ ነው። ደም መፍሰስ፣ ቴታነስና በደም የሚተላለፍ በሽታ ያመጣል፤ ቋሚውን ጥርስም ያበላሻል። ለተቅማጡ ኦአርኤስ ስጡት፣ ጡት አታቋርጡ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ፊቱ አብጦ ትኩሳት ካለው፣ አፉን መክፈት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካቃተው፣ ወይም ዓይኑ በእብጠት ከተከደነ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ያኔውኑ ሆስፒታል ሂዱ።

ለመከላከል፦ በቀን ሁለቴ በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ቦርሹላቸው፤ ማታ ስኳር ያለው ሻይ በጡጦ አስይዛችሁ አታስተኙ።