«ካሹ ይጥፋ?»

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው አንዲት ጎረቤት አሉን። ባለፈው ሰሞን ስልካቸውን ይዘው መጡና «እስቲ ልጄ ይህን ነገር እየው፤ ፎቶ ላነሳ ስል ሞልቷል፣ ሞልቷል እያለ አስቸገረኝ» አሉኝ። እኔም እንደ ዐዋቂ መነጽሬን ከፍ ዝቅ አድርጌ አየሁትና «እትዬ፣ ካሹ በዝቶ ነው፤ ካሹ ይጥፋ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

እትዬ ክው ብለው ቀሩ። «በስመ አብ! የዕቁቡ ብር እኮ እዚያው ቴሌብር ላይ ናት። ምን በወጣት ነው የምትጠፋው?» አይሉኝም!

ሳቄ መጣ። መሳቅ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ከመሳቄ በተጨማሪ የምቸኩልበት ጉዳይ ነበረኝና «ነገ ላስረዳዎት» ብዬ ሸኘኋቸው። ያልተረዱት ነገር ላይ የሚሳቅባቸው ሰው ነገን አይጠብቁም። እትዬም አልጠበቁ። ጥግ ላይ ስልክ ወደሚጠግን ልጅ ሄዱ። ልጁ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም፤ ነካ ነካ አድርጎ «ጨርሻለሁ እማማ፣ ቦታ በሽ በሽ ነው» ብሎ ሰጣቸው። እውነቱን ነው፤ ስልኩ ቀለል ብሎ ነበር።

ማታ እትዬ እንደ ልማዳቸው የእህታቸውን ድምፅ ሊሰሙ ስልካቸውን ከፈቱ። እህታቸው ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል። ከማረፋቸው በፊት በአንዱ የመልእክት አፕ ይልኩላቸው የነበሩ አሥራ ሁለት የድምፅ መልእክቶች ነበሩ። «እንዴት ነሽ እቴ፣ ጉልበትሽ ተሻለሽ?» የሚል ዓይነት፣ ለሌላው ሰው ምንም ያልሆነ፣ ለእትዬ ግን ከወርቅ የሚበልጥ ነገር። እናላችሁ፣ የሉም። አፑ ራሱ ገና ዛሬ እንደ ተጫነ ሁሉ «እንኳን ደህና መጡ» እያለ ስልክ ቁጥራቸውን ይጠይቃቸዋል።

ልጁ የነካው ካሹን አልነበረም። ከካሹ አጠገብ ያለችውን ሌላዋን ቁልፍ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ «ቦታ ማስለቀቅ» የሚባል ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ስመረምረው ደግሞ ነገሩ የስልክ ብቻ አልሆነም፤ የሰው ልጅ የቆየ አመል ነው። እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

በእኛ ጆሮ ካሽ ማለት ጥሬ ገንዘብ ነው፤ እትዬ ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። የስልኩ ካሽ ግን ከሌላ ቤት የመጣ ቃል ነው። በፈረንሳይኛ መደበቅ ከሚል ግሥ ተወልዶ፣ በሰሜን አሜሪካ ጫካ ለጫካ እየዞሩ የአውሬ ቆዳ የሚሰበስቡ ሰዎች ለስንቅ መደበቂያ ጉድጓድ ይጠሩበት ነበር። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን ጉድጓድ ውስጥ እንደሚያኖር፣ እነሱም ለመልሱ መንገድ የሚሆናቸውን ስንቅና ሊሸከሙት የማይችሉትን ዕቃ ቀብረው ይሄዱ ነበር።

ሜሪዌዘር ሉዊስና ዊሊያም ክላርክ የተባሉት አሜሪካውያን አሳሾችም እ.ኤ.አ. በ1805 ሚዙሪ የተባለውን ወንዝ ሽቅብ ሲወጡ ሸክማቸውን ለማቅለል እንዲህ ያሉ ጉድጓዶች ቆፍረዋል። በዓመቱ፣ በ1806 ሲመለሱ ሉዊስ አንዱን ጉድጓድ ቢከፍተው ወንዙ ሞልቶ ውሃ ገብቶበታል፤ ለፍቶ የሰበሰባቸው የዕፅዋት ናሙናዎች በሙሉ ተበላሽተዋል። ያ ጉድጓድ የያዘው ቅጂ አልነበረም፣ ዋናውን ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ቃሉ ወደ ኮምፒዩተር ዓለም የገባው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የካምብሪጁ ሞሪስ ዊልክስ አንዲት አጭር ጽሑፍ አሳተመ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ትልቁ የኮምፒዩተር ማህደር ቀርፋፋ ስለሆነ፣ ከፊቱ ትንሽ ግን ፈጣን ማህደር እናስቀምጥና ቶሎ ቶሎ የሚፈለገውን ነገር ቅጂ እዚያ እናኑር የሚል ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1968፣ አይቢኤም ይህንኑ ሐሳብ «ሲስተም 360 ሞዴል 85» በተባለ ማሽኑ ላይ አዋለው። መሐንዲሶቹ ያወጡለት ስም ረጅምና ደረቅ ስለነበር የኩባንያው መጽሔት አዘጋጅ የተሻለ ቃል ቢፈለግ ምን ይመስላችኋል አለ፤ በዚህ ሰበብ ያ የአዳኞቹ ጉድጓድ ስም ለማሽኑ ተሰጠ። የዚያ ማሽን ካሽ ከ16 እስከ 32 ኪሎባይት ነበር። ዛሬ እትዬ የሚያነሷት አንዲት የቡና ፎቶ ብቻዋን የዚያን መቶ እጥፍ ትሆናለች።

ነገሩ ለሚያስቸግረው ሰው፣ የእናቶቻችንን ጓዳ አስቡ። ጨው በጆንያ ጓዳ ተቀምጧል። ወጥ የምትሠራ ሴት ግን ለእያንዳንዷ ቁንጥር ጨው እየተነሳች ጓዳ አትመላለስም፤ ከምድጃው አጠገብ አንዲት የጨው ጣሳ አለቻት። ካሽ ማለት ያቺ ጣሳ ናት። ብትደፋ ጆንያው አለ፤ አንዴ ተነስቶ መሙላት ነው። የሚጠፋው ጨው ሳይሆን ጥቂት ጊዜ ነው። ስልካችንም እንደዚሁ ነው። በኢንተርኔት ያየነውን ፎቶ፣ የከፈትነውን ገጽ፣ ያዳመጥነውን ዘፈን ደግመን ስንፈልግ እንዳያዘገየን ቅጂውን አጠገቡ ያስቀምጣል።

ታዲያ ጣሳዋ ስትሞላ የትኛው ይውጣ? ይህን ጥያቄ ቁጭ ብሎ ያሰበበት ሰው አለ። ሃንጋሪ የተወለደው የአይቢኤም ተመራማሪ ላዝሎ ቤላዲ እ.ኤ.አ. በ1966 መልሱን ሰጠ። ከሁሉም የሚሻለው፣ ወደፊት ከሁሉም ዘግይቶ የሚፈለገውን ማውጣት ነው አለ። በሂሳብ ትክክል ነው። ችግሩ የነገን ማን ያውቃል? ስለዚህ ማሽኖቹ በግምት ያድራሉ፤ ብዙዎቹ «ከተነካ ብዙ ጊዜ የሆነው ይውጣ» በሚል ዘዴ ይሠራሉ። ለማሽን ደግ ዘዴ ነው። ለሰው ግን ሁልጊዜ አይሆንም። የሰርግ ፎቶ ለአምስት ዓመት ሳይነካ ይቀመጣል፣ ከዚያ አንድ ቀን የተለየ ሰው ሲኖር ብቻ ይፈለጋል።

ወደ አንድሮይድ እንምጣ። የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ውስጡ የነበረው ማከማቻ 256 ሜጋባይት ብቻ ነበር፤ አብዛኛውንም ሲስተሙ ራሱ ይዞታል። አፖችን ወደ ሜሞሪ ካርድ ማዛወር የተፈቀደው በ2010 ነው። በዚህ ጥበት ያደገ ተጠቃሚ ማጽዳትን ተማረ። ካሽ ማጥፋት እንደ ዳማከሴ ሆነ፤ ስልክ ቢዘገይ ካሽ አጥፋ፣ አፕ እንቢ ቢል ካሽ አጥፋ፣ ቢሞቅም ካሽ አጥፋ። «በአንድ ንክኪ አጸዳለሁ» የሚሉ አፖችም እንደ አሸን ፈሉ። ቦታ ሊያስለቅቁ መጥተው እነሱ ራሳቸው ቦታ ይይዛሉ፤ ላዩ ላይ ማስታወቂያ ይደረድራሉ።

በ2017 የወጣው አንድሮይድ 8 ግን ሥራውን ለራሱ ለስልኩ ሰጠው። ለእያንዳንዱ አፕ የካሽ ድርሻ ተመደበለት፤ ቦታ ሲጠብ ከድርሻው አልፎ ከያዘው እየተጀመረ ስልኩ ራሱ ያጠፋል። አፕ ለሚሠሩ ባለሙያዎችም መመሪያው ግልጽ ነው። በማንኛውም ሰዓት ሊጠፋ ስለሚችል፣ ቢጠፋ የምታዝኑበትን ነገር ካሽ ውስጥ አታስቀምጡ ይላል። ይኸውላችሁ፣ የካሽ ትርጉም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይህ ነው።

መከራው ያለው ከጎኑ ነው። የአንድ አፕ ማስተካከያ ውስጥ ስትገቡ ሁለት ቁልፎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ «ክሊር ካሽ» ነው፤ ጣሳዋን ይደፋል። ሌላው «ክሊር ስቶሬጅ» ወይም በቆዩት ስልኮች «ክሊር ዳታ» ይባላል፤ ይህኛው ጓዳ ገብቶ ጆንያውን ይዘረግፋል። ሁለቱም ቦታ ያስለቅቃሉ። እንዲያውም ሁለተኛው የበለጠ ያስለቅቃል፤ ለችኩል ጠጋኝ ደግሞ ውጤቱ ያማረ ይመስላል።

ይህ ስሕተት ግን የስልክ ጠጋኙ ልጅ ፈጠራ አይደለም። ከእሱ በፊት የተማሩና የተከበሩ ሰዎች ሠርተውታል።

ብራና ውድ ነገር ነው። በጥንት ዘመን አዲስ ብራና ያጣ ጸሐፊ አሮጌውን ፍቆ በላዩ ይጽፍ ነበር። በእኛም አገር መጻሕፍት ላይ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ የተተካበትን ማየት የተለመደ ነው። በአሥረኛው መቶ ዘመን በቁስጥንጥንያ የተገለበጠ አንድ የአርኪሜዲስ የሂሳብ መጽሐፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1229 ተፋቀና የጸሎት መጽሐፍ ተጻፈበት። የፋቀውን ሰው እንዳንረግም፤ ጸሎት ሊጽፍ ፈልጎ ነው፣ ደግ ሥራ ነው። የፋቀው ነገር ውስጥ ግን በዓለም ላይ ሌላ የግሪክኛ ቅጂ ያልተገኘለት የአርኪሜዲስ ሥራ ነበረበት። በ1906 የዴንማርኩ ሊቅ ሃይበርግ በደበዘዘው ቀለም ስር ያለውን ለየው። መጽሐፉ በ1998 ኒው ዮርክ ላይ በሁለት ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ከዚያ ከ1999 ጀምሮ ባልቲሞር ውስጥ ወደ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በልዩ ብርሃን ሲነበብ ቆየ። አንድ ሰው በትንሽ ቀን የፋቀውን ለማንበብ የሌሎች ሰዎች ዕድሜ አለቀ ማለት ነው።

ይህ የጥንት ነው እንዳትሉ። የእንግሊዙ ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የቴሌቪዥን ዝግጅቶቹን ከቴፕ ላይ ያጠፋ ነበር። ቴፕ ውድ ነው፣ መደርደሪያ ጠቧል፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ከእንግዲህ ማን ያየዋል ተባለ። «ዶክተር ሁ» ከተባለው ዝነኛ ድራማ ብቻ ከ90 በላይ ክፍሎች ጠፉ። የአሜሪካው ናሳም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ሰው ጨረቃን ሲረግጥ የተቀዳበትን ጥራት ያለው ዋና ቴፕ ፈልጎ አጥቶታል። በ2009 የደረሰበት መደምደሚያ፣ ቴፑ ለሌላ ሥራ ሲፈለግ ሳይጠፋ አልቀረም የሚል ነው። የሰው ልጅ ከምድር ወጥቶ ሌላ ዓለም የረገጠበትን ምስል፣ ባዶ ቴፕ ሲቸግር አጠፋነው ማለት ነው! ዛሬ የምናየው ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች የተላለፈውን ቅጂ ነው።

እነዚህ ሰዎች ሁሉ ክፉዎች አልነበሩም። ሁሉም በዕለቱ የሚያስጨንቃቸው እውነተኛ ጥበት ነበረባቸው። ሁሉም ዋናውን ሲያጠፉ እንደ ቅጂ ቆጥረውታል፣ ወይም ሌላ ቦታ ይኖራል ብለው አስበዋል፣ ወይም ጨርሶ አላሰቡም። የሉዊስን ጉድጓድ ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ከማጥፋት በፊት የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ዋናው የት ነው ያለው?»

መልሱ «ኢንተርኔት ላይ አለ» ከሆነ አጥፉት፣ አትሳሱ። የቪዲዮ አፕ ካሽ፣ የዜና ገጽ ካሽ፣ የማኅበራዊ ገጾች ካሽ ሁሉ ተመልሶ ይመጣል፤ የሚያስወጣችሁ ትንሽ የዳታ ካርድ ነው። ቴሌግራምም ከራሱ ማስተካከያ ውስጥ ካሹን ሲያጠፋ፣ ከሚስጥር ቻት በስተቀር ፎቶውና ቪዲዮው ኩባንያው ዘንድ ስለሚቆይ እንደገና ይወርዳል። መልሱ «እዚሁ ስልክ ላይ ብቻ» ከሆነ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። በካሜራ ያነሳችሁት፣ በስልኩ የቀዳችሁት ድምፅ፣ ባክአፕ ያልተደረገ መልእክት ካሽ አይደለም። መጀመሪያ ኮምፒዩተር ላይ ወይም ሌላ ሰው ስልክ ላይ ይገልበጥ፣ ከዚያ ይጥፋ። ስልካችሁን ለጠጋኝ ስትሰጡም «ቦታ አስለቅቅልኝ» ብላችሁ ብቻ ዘወር አትበሉ፤ ምኑን እንደሚነካ ጠይቁት።

የቢቢሲ ታሪክ ግን አንድ የሚያጽናና ጫፍ አለው። ዝግጅቶቹ ለሌሎች አገሮች ሲሸጡ የፊልም ቅጂዎች ተልከው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ከጠፉት ክፍሎች ዘጠኙ መገኘታቸው ተነገረ። የተገኙት የት መሰላችሁ? ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ፣ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ። ለንደን የጣለችውን አፍሪካ አስቀምጣ ቆየች።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው ወደ እትዬ ቤት የሄድኩት፤ ያን «ነገ» ያልኳቸውን ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ላከብር መሆኑ ነው። «እትዬ፣ ከእነዚያ ድምፆች ለሰው የላኩት አለ?» አልኳቸው። አሰብ አደረጉና «ለእህቴ ልጅ፣ ጅዳ ላለችው፣ የናቷ ድምፅ ሲናፍቃት ልኬላት ነበር መሰለኝ» አሉ። ደወልንላት። ልጅቷ ስልኳን ስትበረብር አመሸች፤ ከአሥራ ሁለቱ ሦስቱ ተገኙ።

ሦስቱን ቁጭ ብለን ሰማናቸው። በሦስተኛው ላይ ሟቿ እየሳቁ ነው። እትዬ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉና ስልኩን አቀበሉኝ። «በል እንግዲህ፣ ይህችን የማትጠፋበት ቦታ አስቀምጥልኝ። ካሹን ከፈለግህ አጥፋው» አሉኝ።

በዚህኛው ቀን አልሳቅሁም።